ቀለም ቆጣሪዋ

ስሪንጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንታ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው፤ አየሩ አረፋ እየሠራ ወጣ። አምስት እጅ ጥቁር ቀለም፣ ሦስት እጅ የተጣራ ውሃ። ባለፈው ወር ውሃው ሁለት እጅ ነበር፤ ከዚያ በፊት አንድ። መርፌውን በፕሪንተሯ የቀለም ካርትሪጅ አናት ላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ አስገብታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ቀስ እያለች ጨመቀች። ስድስት ዓመት ሙሉ ከፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ የሕፃናት ሽሮፕ ስትበጠብጥ የኖረች እጅ ናትና አልተንቀጠቀጠችም። አንዲት ጠብታ እንኳ ከሥር ባነጠፈችው አሮጌ ጋዜጣ ላይ አልወደቀችም።

"አንቺ ቀለም ቆጣሪ!" አላት አባቷ ከሳሎን ሆኖ። "ማሽንሽ ተነሥታለች?"

"ቁርሷን እያበላኋት ነው አባዬ። አምስት ደቂቃ!"

ቅጽል ስሙን ያወጣላት እሱ ነው። "በእኛ ጊዜ ቀለም ቆጠረ ማለት ተማረ ማለት ነበር፤ የእኔ ልጅ ግን ቃል በቃል ወስዳው ቀለሙን በጠብታ ትቆጥረዋለች" እያለ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወራባት ነበር። እሷም አትቀየምም፤ እንዲያውም ትኮራበታለች። በዚህ ቤት ወረቀት በሁለት ፊቱ ካልታተመበት አይጣልም። ባለቀለም ሥዕል ታትሞ አያውቅም። ፊደሉ ቀጭኑ ነው፤ ማሽኗም "ድራፍት" የሚለው ልክ ላይ ከተቀመጠች ስምንት ወር አልፏታል። ረቂቅ ማለት ነው፤ ከቀለሙ ይልቅ የቀለም ሽታ የሚያወጣ። ቀለም ማለቁን የሚናገረውን ቀይ መብራት ከመጤፍ አትቆጥረውም። መብራቱ ከበራ በኋላ ዘጠና ገጽ ያተመችበት ጊዜ አለ፤ ይህን ለሥራ ባልደረቦቿ ስትነግር ስለ ልጇ የፈተና ውጤት የምታወራ ነበር የምትመስለው።

ቁጠባው ግን ከስስት የመጣ አልነበረም። አባቷ አርባ ዓመት ያህል በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበር፤ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት እያንዳንዷን ፊደል አንብቦ በቀይ እስክሪብቶ የሚያቃና። ጡረታ ሲወጣ ማተሚያ ቤቱ "ሥራውን ቤትህ ድረስ እንልክልሃለን" አለው። ጽሑፉ በኢሜይል ይመጣል፤ እሱ "ስክሪን ላይ ፊደል ይዋኝብኛል" ስለሚል እሷ በወረቀት ታወጣለታለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከአልጋው የሚያስነሳው ይኸው ሥራ ነው። የአንድ ካርትሪጅ ዋጋ ግን ለአንድ መጽሐፍ እርማት ከሚከፈለው ግማሹን ይውጣል። ይህን ቢሰማ "ታዲያ ለማን ነው የምደክመው?" ብሎ እስክሪብቶውን እንደሚያስቀምጥ ታውቃለች። ስለዚህ አልነገረችውም፤ ቀለሙን አቀጠነች።

አባቷ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ጫማውንም አድርጓል። በዚህ ሰዓት በነጠላ ጫማና በሹራብ ነበር የምታውቀው። ግድግዳውን በጣቱ ዳበስ እያደረገ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ፤ ይህን ዳበሳ ከሰሞኑ ነው ያመጣው።

"አንድ ገጽ ናት" አለ። "ቅድም አንቺ ልብስ ስታሰጪ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ጻፍኳት። ሳታነቢ አውጪልኝ።"

"ምንድን ናት?"

"ሳታነቢ አልኩሽ እኮ። የማተሚያ ቤቱ ሞተረኛ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ከጽሑፉ ጋር የምልካት ናት።" ይህን ብሎ ወደ ሳሎን ተመለሰ።

ሳታነቢ ተብላ የማታነብ ሴት ልጅ ካለች እሷ አይደለችም። ካርትሪጁን ቦታው መልሳ አተመችና ወረቀቱ ከማሽኑ አፍ ወጥቶ ሳያልቅ አንገቷን አጣማ አነበበችው። "ለሥራ አስኪያጁ" ይላል። "ዓይኔ ስለደከመና በሥራዬ ላይ ስህተት ማሳለፍ ስለጀመርኩ ከዛሬ ጀምሮ እርማት አቁሜያለሁ። በእጄ ያለውን የንብ እርባታ መጽሐፍ ሳልጨርስ በመመለሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

"ወጣች?" አለ አባቷ።

"ወረቀት ተሰንቅሮባታል!" አለች፤ ውሸቱ እንዴት እንደመጣላት አላወቀችም።

ስህተት ያለው የትኛውን እንደሆነ ታውቃለች። ባለፈው ወር አንድ ጡረተኛ ዳኛ የሕይወት ታሪካቸውን አሳትመው ነበር። ገጽ ስልሳ አንድ ላይ "ከችሎት ስወጣ ሌላ የትም አልሄድም፤ በቀጥታ ወደ ቤቴ ነበር" ብለው የጻፉት፣ ከጽሕፈት ሠራተኛዋ ጣት፣ ከአባቷም እርማት አምልጦ፣ "በቀጥታ ወደ ቤቲ ነበር" ሆኖ ታተመ። አምስት መቶ ቅጂ። የዳኛው ባለቤት ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው "ቤቲ ማናት?" አሉ፤ መልሱን ሳይጠብቁም ሻንጣቸውን ይዘው እህታቸው ዘንድ ሄዱ። ዕድሜ ልካቸውን በሰው ላይ ሲፈርዱ የኖሩት ሰውዬ በአንዲት ፊደል ተፈረደባቸው። እሷ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ነበር የሳቀችው። አባቷ ግን ገጹን አውጥቶ ሲያየው ቆየና "የአርባ ዓመት ስሜን ውሃ በላው" አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጋዜጣ ማንበብ ተወ። መጽሐፍም ተወ። "ዓይኔን ለሥራው ነው የምቆጥበው" ብሎ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሐኪም ጋ እንሂድ ስትለው "አርጅተሃል ሊለኝ ነው፤ እሱን በነፃ አውቀዋለሁ" አለ። እሷም የዓይን ጠብታ ከፋርማሲው በደመወዟ እያስቆረጠች ታመጣለታለች፤ ውዱን፣ ከውጭ የሚመጣውን። የአንዱ ብልቃጥ ጠብታ ዋጋ ከአንድ ካርትሪጅ እንደሚበልጥ አስባው አታውቅም።

ደብዳቤውን እንደገና አየችው። የሆነ ነገር ቆረቆራት። "ዓይኔ" የሚለው በወረቀቱ ላይ "ዓይኒ" ይመስላል። ወደ ስክሪኑ ዞረች፤ እዚያ "ዓይኔ" ነው፣ ቀለበቱ ከፊደሉ ግርጌ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ወደ ወረቀቱ ተመለሰች፤ ቀለበቷ የለችም፣ በምትኩ የገረጣች ጭረት አለች። "ሥራዬ"። "በእጄ"። "በመመለሴ"። አባቷ የእኔ ያለው ነገር ሁሉ ቀለበቱን ጥሏል።

ከጠረጴዛው ሥር ካከማቸቻቸው ግማሽ የታተመባቸው ወረቀቶች መሀል የዳኛውን መጽሐፍ ፈልጋ ገጽ ስልሳ አንድን አወጣች። ከላይ ትክክለኛው "ቤቴ" አለ፤ ከታች የተሳሳተው "ቤቲ"። ሁለቱ በወረቀቱ ላይ መንታ ናቸው። የሃያ ዓመት ልጅ ዓይን ቢሆን አይለያቸውም። ስምንት ወር ሙሉ ገጹን ስትቆጥር ነበር እንጂ አንድም ቀን አንብባው አታውቅም።

የደከመው ዓይኑ ሳይሆን ቀለሙ ነበር። ቀለሙን ያደከመችው ደግሞ እሷ ናት። "የአርባ ዓመት ስሜን ውሃ በላው" ያለው ትዝ አላትና ፊቷ ጋለ፤ ስንት እጅ ውሃ እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወይስ ዓይኑም ደክሞ ቢሆንስ? ሳታረጋግጥ ምን ልትለው ትችላለች? የቀለሙን ጠርሙስ አነሣችው፤ ባዶ ነው። ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ሁሉ ውሃ የጠጣ ነው። ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሣች። ደብዳቤውን ለአራት አጥፋ ኪሷ ከተተችና ቦርሳዋን አነሣች።

"አባዬ፣ ወረቀት ገዝቼ መጣሁ!"

"ሙሉ እሽግ ወረቀት አለ እኮ! ከመደርደሪያው ሥር..."

እሷ ግን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ነበር።

የቀለም ሱቁ ከሁለት መንገድ ማዶ ነው። ሻጩ ለአንድ ሰውዬ የላፕቶፕ ቻርጀር እየመረጠ ነበር፤ ሰውዬው ደግሞ የሽቦውን ርዝመት በክንዱ ይለካል። እሷ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሯ ትቆማለች። የግድግዳው ሰዓት ሦስት ተኩል ይላል፤ የእሷ ደግሞ ሦስት ተኩል ከአምስት። የትኛውን ትመን? ሰውዬው ሁለተኛውን ቻርጀር መለካት ጀመረ።

"ወንድሜ፣ በናትህ እኔን አስቀድመኝ!"

ሻጩ ቀና ብሎ ሲያያት ፈገግ አለ። "እህት ዓለም! ያቺን የጠርሙሷን ነው አይደል? ርካሿን።"

"የታሸገ ካርትሪጅ። ጥቁር። ኦሪጅናሉን።"

እጁ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ቀረ። "ለራስሽ?"

"ለራሴ።"

"ዋጋውን ታውቂዋለሽ እኮ።"

"አውቀዋለሁ አልኩህ፣ ስጠኝ።"

"አትከራከሪኝም?" አለ፤ ከልቡ የደነገጠ ይመስላል። ባለፈው ጊዜ ለአንዲት ጠርሙስ ግማሽ ሰዓት አስቁማው ነበር። "ምነው፣ ቤት ውስጥ ሰው ታሟል እንዴ?"

"አልታመመም" አለች። "አልታመመም ነው የምልህ፤ ቶሎ በል!"

ሻጩ አቧራውን አራገፈ፣ ፌስታል ፈለገ፣ ደረሰኝ ለመጻፍ የእስክሪብቶ ክዳን በጥርሱ ከፈተ። እሷ ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ ጥላ ፌስታሉን ከእጁ መንጭቃ ወጣች። "መልስሽን!" ሲል ሰማችው። በሕይወቷ መልስ ትታ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው።

ቁና ቁና እየተነፈሰች ስትመለስ የሞተረኛው ሞተር ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሳሎን ገባች። ሞተረኛው ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የንብ መጽሐፉ በገመድ ታስሮ ጠረጴዛው ላይ ሆኗል። አባቷ ፖስታ እያሸገ ነበር።

"ማሽንሽ እምቢ ስላለች በእጄ ጻፍኳት" አለ። "ምን ሆነሻል፣ ውሻ አባርሮሽ ነው?"

"አንዴ ጠብቁኝ! ወንድሜ፣ እንዳትሄድ። አምስት ደቂቃ!"

"ልጄ፣ ሰውየው ሥራ አለው..."

አልሰማችውም። የካርትሪጁን እሽግ በጥርሷ ቀደደችው። አሮጌውን አውጥታ አዲሱን ስትከት ማሽኗ ጉሮሮዋን መጥረግ ጀመረች፤ ቅር፣ ቅር፣ ዝም። ደግሞ ቅር፣ ቅር። ይህ መጠራረግ ስንት ቀለም እንደሚበላ ታውቃለች፤ ሌላ ቀን ቢሆን ታለቅስ ነበር። ከንብ መጽሐፉ ገጽ አሥራ አራትን መረጠች፤ አባቷ ትናንት ግማሹ ላይ ትቶ የተነሣውን ገጽ። "ድራፍት" የሚለውን አጠፋች። ወረቀቱ ወጣ፤ ጥቁር፣ ያውም ቁልጭ ያለ ጥቁር። ይዛው ሮጠች።

"አንድ ገጽ ብቻ አንብብልኝ። እባክህ አባዬ።"

"ምን ያደርጋል አሁን?"

"እኔ ልለምንህ!"

አባቷ መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱን እንደ ሰሞኑ አፍንጫው ድረስ አስጠጋው፤ ከዚያ ራቅ አደረገው፤ አሁንም ራቅ አደረገው። እጁ ሳያስበው ኪሱ ገብታ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣች። "ሲቷ ንብ... ሴቷ ናት እንጂ" አለና ከበባት። ሁለት መስመር ወረደ፤ ሌላ ከበበ። ከገጹ ግርጌ ሲደርስ ሦስተኛውን። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው።

"መብራት አብርታችኋል እንዴ?"

"አላበራንም ጋሼ" አለ ሞተረኛው።

የአባቷ ፊት እንደ ልጅ ፊት በራ። "ጠብታው ነው!" አለ። "ጠብታሽ ሠራ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ያው ነው ያው ነው ስልሽ... ዓይኔ ተመለሰ እኮ! እዪው፣ ቀለበቷን እንኳ አያታለሁ!"

ሞተረኛውም "እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ" አለ።

እሷ ቆማ ቀረች። አዎ ጠብታው ነው ብትል ነገሩ አለቀ። አዲሱን ካርትሪጅ ማንም አላየም። አባቷ ሥራውን ይቀጥላል፣ እሷም ባለውለታ ሆና ትኖራለች። ከዛሬ ጀምሮ ውሃ አትጨምርም፤ ማን ያውቃል? አፏን ከፈተች።

"ለአለቃዬ ልደውልላቸው፣ ደስ ይላቸዋል" አለ ሞተረኛው። "ዳኛው ናቸው እንጂ የባሰባቸው። ትናንትም ቢሮ መጥተው ነበር። ሚስታቸው አሁንም አልተመለሱም።"

የአባቷ ደስታ ጥፍት አለ። "የእሱን ነገር ተወው" አለ። "እሱማ የእኔ ዓይን ያጠፋው ነው።"

"ጠብታው አይደለም አባዬ" አለች።

"ምን?"

የድሮውን ገጽ አሥራ አራት ከእሽጉ መዝዛ ከአዲሱ ጎን አስቀመጠችለት። "ስምንት ወር በድራፍት ነው ያተምኩልህ።"

"ድራፍት? በብርጭቆ የሚጠጣውን?"

ሞተረኛው ሳቁ አመለጠውና በሳል አስመሰለው።

"ቀለም የሚቆጥብ ልክ ነው። እሱ ብቻ አይደለም... ውሃ እየጨመርኩበት ነበር። እንደ ሽሮፕ።"

አባቷ ሁለቱን ወረቀቶች አያቸው። አንዱን፣ ሌላውን፣ ደግሞ አንዱን። "ስንት ለስንት?" አለ።

"አምስት ለሦስት።"

"እኔኮ" አለ አባቷ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ "ዓይኔን ጨፍኜ ቤቱን እየተለማመድኩ ነበር። ከአልጋዬ እስከ መታጠቢያ ቤት አሥራ አራት እርምጃ ነው። ከመታጠቢያ ቤት እስከ ማድ ቤት ዘጠኝ። አንቺ ሥራ ስትሄጂ እንዳላስቸግር ብዬ።"

ዕንባዋ ዱብ አለ። "ብነግርህ ሥራውን ትተወዋለህ ብዬ ፈርቼ ነው።"

"ይኸው፣ ልተወው አልነበር?"

ሞተረኛው ሄልሜቱን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላኛው አዛወረ፤ ከዚያ በፍርሃት "ጋሼ፣ ታዲያ ምን ልበላቸው?" አለ።

አባቷ ፖስታውን ከፍቶ የጻፈውን አወጣና ለሁለት ቀደደው። "ንቦቹን ለሦስት ቀን አቆያቸዋለሁ በላቸው። ስለ ዳኛው ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። አራሚው እኔ ነኝ። ካላየሁ አላየሁም ብዬ መናገር ነበረብኝ።" ወደ ልጁ አላየም፤ ግን እሷን መሸፈኑ እንደሆነ ገባት። ከቁጣው ይልቅ ይህ አመማት።

"አይደለም" አለች። "ቆይ ወንድሜ፤ እኔ ነኝ የምጽፍላቸው።"

ኮምፒውተሩ ጋ ሄዳ ሳትቀመጥ ጻፈች። "ለሥራ አስኪያጁ፣ በእርስዎም በኩል ለዳኛውና ለባለቤታቸው። ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ቤቲ የምትባል ሴት የለችም። ዳኛው የጻፉት ቤቴ ብለው ነው። ለእርማት ያተምኩበትን ቀለም በውሃ አቅጥኜ ፊደሉ እንዳይለይ ያደረግኩት እኔ ነኝ እንጂ የአባቲ ዓይን ደህና ነው።" አተመችው፤ በጥቁሩ። ፈርማ ለሞተረኛው ዘረጋችለት።

"ወዲህ በይ" አለ አባቷ። "ከዚህ ቤት ያልታረመ ጽሑፍ አይወጣም።"

አነበበው። ቀዩ እስክሪብቶ መስመር በመስመር እየወረደች መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ አንዲት ቃል ከበበ። ቀና ሲል ዓይኑ ዳር ላይ ከብዙ ሳምንት በኋላ የድሮዋ ተንኮል ነበረች።

"አባቲ ደግሞ ማናት?"

ሞተረኛው አሁን ሳቁን አልደበቀም። እሷ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። በጥድፊያ አንዷን ፊደል ስታለች፤ "አባቴ" ለማለት "አባቲ" ብላለች። አንዲት ቀለበት ነው የጎደላት። እስክሪብቶ አነሣች፤ በእጅ ብትጨምራት ማንም አይናገርም፣ ወረቀቱም ይተርፋል። ጫፉን ፊደሏ ግርጌ ላይ አሳረፈችው።

ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ወደ ማሽኗ ተመለሰች፤ ፊደሏን አቃንታ፣ አዲስ ንጹሕ ወረቀት አስገብታ፣ እንደገና አተመችው።